የ«ገብስ ነዶ» የፊት ግድግዳ

ዶርካስ ፔትልን «አይሆንም» ብሎ የመለሳት ሰው ሞልሰም መንደር ውስጥ ተፈልጎ አይገኝም። ስልሳ ስምንት ዓመቷ ነው፤ አርባ አንዱን ያሳለፈችው «ገብስ ነዶ» በሚባለው መጠጥ ቤት ባንኮኒ ጀርባ ቆማ ነው። ቤቱ አራት መቶ ዓመት አልፎታል። ክዳኑ ሣር፣ አጥንቱ የባሉጥ እንጨት፣ ግድግዳው ጭቃ። በሩ ዝቅ ያለ ስለሆነ እንግዳ ግንባሩን ሳይመታ አይገባም፤ ደንበኛ ግን ሳያስበው ጎንበስ ይላል።

በመጋቢት የፊት ግድግዳው ሆዱ ተነፋ። የወረዳው የቅርስ ሹም መጣና በጣቱ አንኳኳው። ከሃያ ሁለት ዓመት በፊት በጭቃው ላይ የተለሰነው ሲሚንቶ እርጥበቱን መውጫ አሳጥቶት፣ ውስጥ ለውስጥ እንጨቱን እያበሰበሰው ነበር።

«እስከ መስከረም መጨረሻ ግድግዳውን ከሥር የተሸከመው አግዳሚ እንጨት ካልዳነ ቤቱ ይዘጋል፣ ወይዘሮ ፔትል። ፊቱም ይፈርሳል» አላት።

«እኔ በቁሜ እያለሁ አይፈርስም» አለች።

ሲሚንቶው የሟቹ ባሏ የሴሲል ሥራ መሆኑን መንደሩ ሁሉ ያውቃል። በአገሩ ልማድ የለሰነ ሰው ልስኑ ሳይደርቅ ከበሩ አጠገብ ስሙን በምስማር ይጭራል፤ «ሴሲል ፔትል» የሚለው ጽሑፍ እዚያው አለ። ኤብ ስታናርድ የሚባለው ሽማግሌ ኖራ ለሳኝ በገባ በወጣ ቁጥር ጽሑፉን በከዘራው መታ ያደርጋል።

«አይ ሴሲል፣ ቤት እንደ ሰው ይተነፍሳል። አፍኖ ገደለው እኮ» ይላል።

ጠጪው ይስቃል። ዶርካስ ብርጭቆ ትወለውላለች።

አንድ ቀን ጠዋት ኤብ ቤት ሄደች። «የኖራ ልስን አስተምረኝ።»

«በሰማንያ ዓመቴ የሴሲልን ጥፋት ላቃና? ተይኝ እባክሽ። መጀመሪያ ሲሚንቶው ይነሳ።»

«ማን ያነሳዋል?»

«እኔ ምን አውቄ። ያመጣው ሰውዬ መቃብር ውስጥ ነው።»

በማግስቱ መዶሻና መሮ ይዛ ወጣች። ጠጪዎቹ «እስከ እሑድ ትተወዋለች» ብለው ተወራረዱ። እሑድ መጣ፣ ሄደ። መዳፏ ውኃ ቋጠረ፣ አንጓዋ አበጠ፤ በጨርቅ ጠቅልላ ቀጠለች። በየማለዳው ቤቱ እስኪከፈት ድረስ ትፈነቅላለች፣ ከዚያ እጇን ታጥባ ቢራ ትቀዳለች። የሴሲል ስም ያለበት ቦታ ስትደርስ ግን እጇ እንቢ አላት። ቁራጩን ሳትሰብር አውጥታ ባንኮኒው ሥር ደበቀችው።

በስድስተኛው ሳምንት ኤብ ከጀርባዋ ቆሞ አገኘችው።

«እንደሱ አይደለም፤ ጭቃውንም አብረሽ ልታነሺው ነው። መሮውን አስተኚው» አላት።

ከዚያ ቀን ጀምሮ በተገለበጠ የቢራ ሣጥን ላይ ተቀምጦ ያዛታል። አናጺ የበሰበሰውን የአግዳሚ ክፍል ቆርጦ በአዲስ ባሉጥ ቀጠለው። እሷ ኖራና አሸዋ ከፍየል ፀጉር ጋር አቦካች፣ ግድግዳውን አረጠበች፣ ስስ አድርጋ ለሰነች፣ ፀሐይ እንዳያስቸኩለው እርጥብ ጆንያ አለበሰችው።

«ቸኮልሽ» ይላታል ኤብ በቀን አሥር ጊዜ። «ቸኩሎ የደረቀ ኖራ ይፈረካከሳል።»

በመስከረም መጨረሻ ሹሙ መጣ። መንደርተኛው ብርጭቆውን እንደያዘ ወጣ። ዶርካስ ከበሩ አጠገብ ሳትለስን የተወችው ክፍት ቦታ ነበር፤ ሹሙ ተንበርክኮ አግዳሚውን በቢላ ወጋው። ቢላው አልገባም።

«ድኗል» አለ። ከዚያም መዝገቡን ገለጠ። «ለፋይሉ ያህል ነው፣ ሲሚንቶውን ያስለሰነው ማን ነበር?»

«ማን ይሆናል፣ ሴሲል ነዋ» አለ ኤብ። ሰዉ ሳቀ።

«አይደለም። እኔ ነኝ» አለች ዶርካስ።

ወደ ጠጪዎቹ ዞረች።

«ሴሲል የፈለገው ኖራ ነበር። ጭቃና ሲሚንቶ አይዋደድም እያለ ለምኖኛል። እንደ አዲስ ቤት ልሙጥ ይሁንልኝ ብዬ አሻፈረኝ ያልኩት እኔ ነኝ። የለሰነው እጅ የሱ ስለሆነ ስሙን ጻፈ። ስትስቁበት ደግሞ አፌን ዘግቼ ሰማሁ።»

«ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ?» አለ ኤብ።

«አሥራ አራቱን ከሞተ በኋላ። የእናንተስ ሳቅ ብቻ ነው፤ የእኔ ዝምታ ግን ይብሳል። እስከ ዛሬ ያፈርኩበት ነገር ነው።»

ኤብ አንገቱን ደፋ። ዶርካስ ኖራውን አንስታ ክፍቱን ቦታ በቀስታ ለሰነችው። ስትጨርስ ሽማግሌው ከኪሱ ምስማር አውጥቶ ሰጣት። «የለሰነ ይጽፋል» አላት።

እሷ ግን «ሴሲል ፔትል» ብላ ጻፈች።

«የለሰንሽው አንቺ ነሽ እኮ።»

«እሱ የለመነኝ ግድግዳ ነው።»

«ያንቺ ስምስ?»

ወደ ውስጥ ገብታ የደበቀችውን የሲሚንቶ ቁራጭ አመጣችና ጉልበቱ ላይ አስቀመጠችለት። «የሱን ፍቀህ የእኔን እዚህ ላይ ጻፈው።»

ኤብ ሣጥኑ ላይ ተቀምጦ መጫር ጀመረ። ሲሚንቶው ከደረቀ ብዙ ዘመኑ ነውና ቀኑን ሙሉ ፈጀበት።