የአማቼ ድሮን

የባለቤቴን ታላቅ ወንድም አሥር ዓመት ያህል ጠልቼዋለሁ። ፊት ለፊት «ጋሼ» እለዋለሁ፣ አንቱም እለዋለሁ። እዚህ ግን በሆዴ እንደማስበው «እሱ» እያልኩ ነው የምጽፈው።

ሲያትል የገባው ከእኔ አሥራ አምስት ዓመት ቀድሞ ነው። እህቱን ያሳደጋትም፣ ወደ አሜሪካ ያመጣትም እሱ ነው። እኔ በዲቪ መጥቼ ኬንት የምትባል ከተማ መጋዘን ውስጥ ስሠራ ከእሷ ጋር ተዋወቅን። ሽማግሌዎች በላክሁበት ጊዜ «ካርቶን ለሚያነሳ ልጅ ነው እህቴን የምትጠይቁኝ?» ብሏቸዋል። እሺ ያለው እሷ ስላለቀሰች ብቻ ነው። በኋላ ኤርፖርት ተቀጥሬ ሻንጣ መጫን ስጀምር ደግሞ፣ በየበዓሉ ፌደራል ዌይ የሚባል ሰፈር ያለው ቤቱ ስንሄድ ገና ጫማዬን ሳላወልቅ «ሶ፣ አሁንም ሻንጣ ነው?» ይለኛል።

ቅዳሜና እሑድ የሰርግና የክርስትና ቪዲዮ ይቀርፃል። እንደ ፈረንጆቹ 2015 ገደማ ድሮን ገዛና ከዚያ ወዲያ ሌላ ወሬ ጠፋበት። አንድ ሰርግ ላይ ሪሞቱን ልይ ብዬ እጄን ስዘረጋ በመዳፉ መታ አደረገኝና «ይሄ ሻንጣ አይደለም» አለኝ። ሚዜዎቹ ሳቁ። እኔም አብሬ ሳቅሁ፤ እስከ ዛሬ የሚያናድደኝ ያ ሳቄ ነው።

የኤርፖርት ሥራ አንድ ጥቅም አለው። ባዶ ወንበር ከተገኘ በነፃ ትበራለህ፣ ለዘመድ የምትሰጣት የእንግዳ ትኬትም አለችህ። ይህን ሲያውቅ የሰሜን ዋልታን በረዶ በድሮን ካልቀረፅኩ አለ። እኔ እምቢ አልኩ። ባለቤቴ ግን «ሁለታችሁ ብቻችሁን ስትሆኑ ትግባቡ ይሆናል፣ ለእኔ ስትል» ብላ ለመነችኝ።

ከፋሲካ በኋላ ሄድን። የደረስንባት አላስካ ሰሜን ጫፍ ላይ ያለች፣ የመኪና መንገድ የማይገባባት ትንሽ መንደር ናት። ቤቶቹ በእንጨት ቋሚ ላይ ቆመዋል። ባሕሩ ከዳር ጀምሮ በረዶ ሆኖ ስለረጋ መሬቱ የት እንደሚያልቅ አይታወቅም። ያረፍነው አንዲት የአገሩ ሴት ቤት፣ በተከራየነው ክፍል ነው። ሴትየዋ የድሮኑን ሳጥን ገና ስታይ ፊቷ ተለወጠ።

«እሱ ነገር እዚህ አይበርም» አለች። «ሰዎቻችን በረዶው ጠርዝ ላይ ዓሣ ነባሪ እየጠበቁ ነው። እነሱ ራሳቸው እንኳ የሚያወሩት በሹክሹክታ ነው። ድምፅ ከሰማች ትሄዳለች። እኛ ደግሞ ክረምቱን የምንበላው እሷን ነው።»

ይከራከራል ብዬ ጠበቅሁ። እሱ ግን «ኦኬ፣ ገባኝ» አለና ሳጥኑን ዘጋ። እውነቱን ለመናገር ከፋኝ። ሲዋረድ ለማየት ጓጉቼ ነበር።

ሁለት ቀን በአንድ ክፍል ተፋጠጥን። ማንኮራፋቴን፣ በር አዘጋጌን፣ አበላሌን እየተከታተለ ይተቻል። በሁለተኛው ምሽት አልጋው ላይ ጋደም ብሎ ጣራ ጣራውን እያየ፣ «እህቴ አስተዋይ ናት፤ ተሳስታ የማውቀው አንድ ጊዜ ብቻ ነው» አለ። መቼ እንደሆነ አልጠየቅሁትም።

በማግስቱ ጠዋት ሻወር ሲገባ ድሮኑን አውጥቼ በጓሮ በር ወጣሁ። በስንቱ ሰርግ ላይ ሲያስነሳ አይቼዋለሁ። ሁለት ደቂቃ ዳር ዳሩን አዙሬ እመልሰዋለሁ፣ ማንም አያውቅም ብዬ ነበር።

ሲነሳ ደረቴ ሞላ። ስክሪኑ ላይ ነጭ ሜዳ፣ ሰማያዊ ስንጥቅ፣ ከዚያ ማዶ ጥቁር ውሃ ታየኝ። ትንሽ ገፋ አደረግሁት። ወዲያው ኮምፓሱ ተሳስቷል የሚል ማስጠንቀቂያ መጣ። ወደ ግራ ስለው ወደ ቀኝ፣ ና ስለው ወደ ፊት ይሄድ ጀመር፤ ነፋሱም ወሰደው። በስክሪኑ አንድ ነጭ ድንኳን፣ አንዲት ጀልባ፣ ነጭ የለበሱ ሰዎች አየሁ። አንዱ ቀና ብሎ በቀጥታ ወደ እኔ ተመለከተ። ሌላው እንደ ዝንብ በሁለት እጁ ያባርረኛል። ብርዱ ባተሪውን ጨረሰውና ስክሪኑ ጠቆረ።

ስመለስ አማቼ በካልሲ፣ ፀጉሩ እንደረጠበ፣ ባዶው ሳጥን ፊት ተቀምጧል።

«የት አለ?»

«ወደቀ።»

«የት?»

«አዳኞቹ ጋ።»

ሊጮህ አፉን ሲከፍት ውጭ በረዶ ላይ የሚነዳ ሞተር ድምፅ መጣና በራችን ላይ ቆመ። አንድ ሽማግሌ እግሩ የተሰበረውን ድሮን ይዘው ገቡ። ክፍሉን ያከራየችን ሴትዮ ከኋላቸው ቆማለች።

«ሦስት ቀን ሙሉ ልጆቼ አልተኙም» አሉ ሽማግሌው፣ ድምፃቸውን ሳያነሱ። «ዛሬ ቀርባን ነበር። ይሄ መጥቶ ጮኸና ውሃው ባዶ ሆነ። ማን ነው ያበረረው?»

ዓይኔን ጫማዬ ላይ ተከልሁ። አማቼ አየኝ። ጠበቀኝ። ከዚያ ተነሳና «እኔ ነኝ» አለ።

«ነግሬህ ነበር!» አለች ሴትየዋ። «ቤቴ ተቀምጠህ፣ ሾርባዬን ጠጥተህ!»

አንገቱን ደፍቶ ይቅርታ ጠየቀ። ሽማግሌው «ይቅርታህ አይበላም» አሉ። «በዛሬው አውሮፕላን ሂዱልን።» ድሮኑን በብብታቸው ይዘው ወጡ፤ እሱም መልሱልኝ አላላቸውም።

«ጋሼ፣ ለምን...» አልኩ ብቻችንን ስንቀር።

«ዝም በል! ለአንተ ብዬ እንዳይመስልህ። ቢመቱህ እህቴን ምን እላታለሁ? ደግሞ ይሄ ፈሪ ዘመዴ ነው ብዬ ከማስተዋውቅ፣ ጥፋተኛ መባል ይሻለኛል።»

የመንደሩ ኤርፖርት አንድ አዳራሽ ብቻ ነው። ሽማግሌው ዕቃ ሊቀበሉ መጥተው ጥግ ላይ ቆመው አየኋቸው። ወደ እሳቸው ሄድኩ።

«ያበረርኩት እኔ ነኝ» አልኳቸው።

«አውቃለሁ» አሉ ፊታቸውን ሳያዞሩ። «ሰውየው በካልሲ ነበር። የአንተ ጫማ ላይ ግን በረዶ ነበር።»

«ታዲያ ለምን ዝም አሉ?»

«ትናገር እንደሆነ ላይ ብዬ ነዋ።» አሁን ዞሩ። «አባትህ ነው?»

«የሚስቴ ወንድም ነው።»

ከእግር እስከ ራሴ አዩኝ። «እኔ ብሆን እህቴን አልሰጥህም ነበር» ብለው ዕቃቸውን አንስተው ሄዱ። አማቼ ወደ ተሰለፈበት ሄጄ ከኋላው ቆምኩ።

ሲያትል ገባን። እሱ ለማንም አልተናገረም፤ ድሮኑ በብርድ ተበላሽቶ ጠፋ አለ። ሰው ሁሉ አዘነለት። የእሱ ዝምታ ቸርነት አልመሰለኝም፤ አንገቴ ላይ እንደ ታሰረ ገመድ ነበር፣ ጫፉም በእሱ እጅ። በሳምንቱ ለባለቤቴ ሁሉንም ነገርኳት። ሳህን እያጠበች ነበር። ውሃውን ዘጋችና «ጃኬትህን ልበስ» አለችኝ።

ፌደራል ዌይ ስንደርስ መኪናውን ፓርክ አድርጋ ከውስጥ ቀረች። ደወልኩ። በሩን በሰንሰለቱ ልክ ከፈተው።

«ምን ፈለግህ?»

«ይቅርታ ልጠይቅ ነው የመጣሁት። ለሽማግሌውም እውነቱን ነግሬያቸዋለሁ፣ ለእህትዎም ነግሬያታለሁ።»

 ስድብ ጠበቅሁ፤ ቢሰድበኝ ደስ ባለኝ ነበር።

«ጨረስክ?»

«አዎ።»

«ኦኬ» አለና በሩን ዘጋው።

ተመልሼ መኪና ውስጥ ገባሁ። ባለቤቴ ወደ በሩ እያየች «ምን አለህ?» አለችኝ።

«ሰምቶኛል» አልኳት። ሞተሩን አስነሳች።