ለፍጻሜ የጠለፍናቸው ሻርፖች

በመጀመሪያው የሥራ ቀኔ የተሰጠኝ መሣሪያ ትንሽ መቀስ ነበር። ሜልበርን ከተማ፣ ብሬብሩክ ሰፈር ያለው የጥልፍ ቤት ባለቤት ቪንስ፣ የጥልፍ ማሽን አይቼ አውቅ እንደሆነ ጠየቀኝ። አዲስ አበባ አሥራ ዘጠኝ ዓመት እንደሠራሁበት ነገርኩት። በጣም ጥሩ አለኝና የኮፍያ ክምር አሳይቶ፣ የተረፈውን ክር እንድቆርጥ አዘዘኝ። ስምንት ወር ክር ቆረጥኩ። አሥራ ዘጠኙ ዓመት ኤርፖርት ላይ ከበርበሬዬ ጋር ተወርሶ ይሆናል።

በዘጠነኛው ወር ኦፕሬተሩ ታሞ ቀረ። ማሽኑን አስነሥቼ የአንድ ምግብ ቤት ሠራተኞችን ሸሚዝ እስከ ምሳ ሰዓት ጨረስኩ። ቪንስ አንዱን ሸሚዝ ገልብጦ ከውስጥ በኩል አየው። ጥልፍ የሚያውቅ ሰው መጀመሪያ የሚያየው ጀርባውን ነው። ለምን ቀደም ብለሽ አልነገርሽኝም አለኝ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ማሽኑ ላይ ቆየሁ።

ለማያውቁት ሥራው እንዲህ ነው። ንድፉ ከኮምፒውተር ወደ ማሽኑ ይገባል። ጨርቁ ፍሬም ላይ ይወጠራል፤ ከሥሩ ወረቀት የመሰለ ደጋፊ ጨርቅ ይደረግበታል። ሻርፕ ከሆነ ከላይም ስስ ፕላስቲክ ይፈልጋል፤ አለበለዚያ ክሩ ሹራቡ ውስጥ ይሰምጣል። ለእያንዳንዱ ትእዛዝ ጆብ ካርድ የሚባል ወረቀት አለ፤ ምን፣ ስንት፣ በምን ቀለም እንደሚጠለፍ ይጻፍበታል። መርፌ የመታው ነገር አይመለስም። ብትተረትሩትም ቀዳዳው ይቀራል።

ግርማ የተቀጠረው እኔ ሰባት ዓመት ከሠራሁ በኋላ ነው። በትምህርት የመጣ፣ አንደበቱ የተባ፣ ዋይንድሃም ቬል አዲስ ቤት የገዛ ሰው። የቦቢንን፣ የታችኛውን ክር ጥቅል፣ አቀያየር ያስተማርኩት እኔ ነኝ። በደንብ የሚያውቀው ነገር አንድ ነበር፣ እግር ኳስ። ቪንስም ከሥራው አስበልጦ የሚወደው እግር ኳስን ነው። በሦስት ዓመት ውስጥ ግርማ ፕሮዳክሽን ማኔጀር ሆነ። ቦቢኑን ግን እስከ መጨረሻው ገልብጦ ነው የሚያስገባው።

በተሾመ ሰሞን ለብቻዬ ጠራኝና፣ ሥራ ቦታ ላይ አቶ ግርማ ብዬ ብጠራው ደስ እንደሚለው በትሕትና ነገረኝ። እትዬ እያለ ነው የነገረኝ። እሺ አልኩ። በማግስቱ ሰው ፊት፣ «አቶ ግርማ፣ የጫማህ ክር ተፈትቷል» አልኩት። ጉዳዩን ሁለተኛ አላነሣውም።

በመካከላችን ያለው ነገር የከረረው በአንድ ትምህርት ቤት ኮፍያ ነው። ጥቁር ሰማያዊ የታዘዘውን ደማቅ ሰማያዊ ያድርጉት ብሎ በቃል አዘዘኝ፤ አደረግኩ። ትምህርት ቤቱ ዕቃውን ሲመልስ ግርማ ለቪንስ ሁኔታውን አስረዳ። እትዬ አስካለ ዕድሜ እየተጫናቸው ስለሆነ ቀለም ይምታታባቸዋል አለ። አዘኔታው ልብ ይነካ ነበር። ፋይሌ ውስጥ የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ገባ። ከዚያ ወዲህ አለቃ ጆብ ካርዱ ላይ ካልፈረመ ማሽን አስነሥቼ አላውቅም።

ትልቁ ደንበኛችን የአንድ የአውሮፓ ክለብ ደጋፊዎች ማኅበር ነበር። ከደቡብ አውሮፓ፣ ከአንድ ከተማ በመርከብ የመጡ ሽማግሌዎችና ልጆቻቸው ናቸው። ከእኛ ሩብ ሰዓት በማይሞላ መንገድ ላይ የራሳቸው አዳራሽ አላቸው፤ ቪንስም አባል ነው። የክለቡን ስም አልጽፍም። ሰዎቹ ቂመኞች ናቸው፤ ይህን የምለው ደግሞ እኔ ነኝ።

እነዚህ ሰዎች አንድ ልማድ ነበራቸው። ክለባቸው በአውሮፓ ዋንጫ የጥሎ ማለፍ ዙር ባለፈ ቁጥር፣ የሚቀጥለው ተጋጣሚና የዙሩ ስም የተጠለፈበት አዲስ ሻርፕ በዚያው ቀን ምሳ ላይ ለአባል ሁሉ ይታደላል። ካላለፈ ሻርፕም የለ፣ ምሳም የለ። ጨዋታው እዚህ ሜልበርን የሚጀምረው ንጋት አሥራ አንድ ሰዓት ነው። ስለዚህ የመጨረሻው ፊሽካ ሲነፋ እኛ ማሽን እናስነሣለን። ቀድሞ መጥለፍ ክልክል ነው፤ የማኅበሩ ሊቀመንበር ኒክ ገዳችንን ያበላሻል ይላል።

አሁን የማወራው ስለ አንድ የውድድር ዘመን ነው። ጥሎ ማለፉ ከመጀመሩ በፊት ቪንስ ሰበሰበንና ሥራ መቀዝቀዙን ነገረን። ማኅበሩ ለሚቀጥለው ዓመትም ትእዛዙን ከሰጠን ሁላችንም እንቀጥላለን፤ ካልሰጠን ከጥልፍ ክፍሉ አንድ ሰው ይቀነሳል፤ ስሙን ግርማ ያቀርባል። በክፍሉ ያለነው ሁለት ሰዎች ነን፤ እኔና ላን። ላን ከእኔ አሥር ዓመት ዘግይታ የተቀጠረች ቬትናማዊት ናት፤ እጇ ፈጣን፣ ወሬዋ ትንሽ።

የማን ስም እንደሚቀርብ ለመገመት ጠንቋይ አያስፈልግም ነበር። ግርማ በየሳምንቱ፣ «እትዬ፣ እንግዲህ መቼ ነው የሚያርፉት?» ይለኝ ጀመር። ለጤናዬ ተጨንቆ ነው። ለፔንሽን ሁለት ዓመት ይቀረኝ ነበር። ባለቤቴ ፍሌሚንግተን ፎቅ ላይ ባለው ቤታችን ግማሽ ጎኑን ታሞ ተኝቷል። በስልሳ አምስት ዓመቴ ሲቪ ይዤ ብዞር ማን በር እንደሚከፍትልኝ አውቅ ነበር።

ስለ ባለቤቴ ሥራ ቦታ አውርቼ አላውቅም። ከታመመ ወዲህ ደስ የሚለው ነገር ቢኖር ኳስ ማየት ብቻ ነው። ስለዚህ ለዓመታት ሥራ ከመግባቴ በፊት አጠገቡ ተቀምጬ፣ ሻዩን በማንኪያ እያጠጣሁት፣ የአውሮፓን ጨዋታ ሁሉ አይቻለሁ። ቀድሞ በደርሶ መልስ ውጤቱ እኩል ከሆነ፣ ከሜዳው ውጪ ብዙ ያገባው ያልፍ ነበር። ያ ሕግ የተሻረ ጊዜ ባለቤቴ ተናዶ ቁርሱን አልበላም አለ። ሕጉን የማውቀው በዚህ ምክንያት ነው።

ግርማ ይህን አያውቅም። አንድ ቀን የሥራ ቦታችን ሻይ መጠጫ ክፍል ውስጥ የስኳር ቆርቆሮና ሁለት ስኒ ደርድሮ ለእኔና ለላን ኦፍሳይድ ምን እንደሆነ አስተማረን። ስኒዎቹን ያስቀመጠው በተሳሳተ ቦታ ነው። አመሰገንኩት።

ክለቡ ሩብ ፍጻሜውን አለፈ። ሻርፑን ጠለፍን፤ ግርማም ጎሉን ራሱ ያገባ ይመስል ሳምንቱን ሙሉ ደረቱን ነፍቶ ሰነበተ። ኒክ ደውሎ፣ እስከ ፍጻሜው እንዲህ ካገለገላችሁን የሚቀጥለው ዓመትም የእናንተ ነው አለ። የግማሽ ፍጻሜው የመጀመሪያ ጨዋታ በክለቡ ሜዳ አንድ ለአንድ አለቀ።

ለመልሱ ጨዋታ ግርማ አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ አስገባን። ቴሌቪዥኑ ከማሽኖቹ በላይ ግድግዳ ላይ ነው፤ ድምፁ ምንጊዜም ዝግ ነው። የእኛ ስልክ ሎከር በምንለው የዕቃ ሣጥናችን ውስጥ ነው። ሁለቱም የቪንስ ደንብ ነው። ሌላው ግማሽ ፍጻሜ አንድ ቀን ቀድሞ ስለተጠናቀቀ የፍጻሜው ተጋጣሚ ታውቋል፤ ንድፉም ተጭኗል። ሻርፖቹን ወጥረን ጠበቅን።

ሁለት ለሁለት ሆነ፤ ፊሽካው ተነፋ። ተጫዋቾቹ ሣሩ ላይ ተዘረሩ። አንዳንዱ እግሩን እያሳሸ ውኃ ይጠጣል። ግርማ ሪሞቱን አንሥቶ ቴሌቪዥኑን ዘጋና አጨበጨበ። አለፍን፣ ከሜዳችን ውጪ ሁለት አገባን፣ እነሱ ያገቡት አንድ ነው፣ አስነሡ አለ። ላን፣ ታዲያ ለምን ተዘረሩ ብላ ጠየቀችው። ከደስታ ብዛት ነው አላት።

ላን እንድትሰማ በእንግሊዝኛ ነገርኩት። «ያ ሕግ ተሽሯል። ገና ሠላሳ ደቂቃ ጭማሪ አለ።»

ሳቀ። ነገሩን ወደ አማርኛ አዞረውና፣ «እትዬ፣ እርስዎ ክሩን ይያዙልኝ፤ ኳሱን ለእኔ ይተዉት» አለኝ።

ጆብ ካርዱን ዘረጋሁለት። ፈረመ፤ ሰዓቱንም ጻፈ፤ አንድ ሰዓት ከሁለት ደቂቃ። ፊርማው በጣም ያምራል፤ በተሾመ ሰሞን ተለማምዶበታል። አራቱንም ባለ ስድስት ራስ ማሽኖች አስነሣሁ።

ሎከሬ ከማሽኑ አሥር እርምጃ ነው። ጨዋታው መቀጠሉን የሚያሳየው ስልኬ ውስጡ ነበር። አልሄድኩም፣ ደግሜም አልተናገርኩም። ሃያ አራቱ መርፌዎች አንድ ላይ ሲወርዱ ቆሜ አየሁ። አንድም ክር አልተበጠሰም። በሥራ ዘመኔ እንደዚያ ጠዋት ያማረ ጥልፍ አልወጣኝም።

ሁለት ሰዓት ላይ ግርማ፣ ሽማግሌዎቹ ከምሳ በፊት ይደሰቱ ብሎ የመጀመሪያዎቹን አርባ ስምንት ሻርፖች በሹፌር ወደ አዳራሹ ላከ። አጣጥፌ ሳጥን ውስጥ ያስገባኋቸው እኔ ነኝ። ጠርዝ ለጠርዝ አጋጥሜ።

በጭማሪው ሰዓት የሆነውን የሰማሁት በኋላ ነው። ጨዋታው ሊያልቅ ሁለት ደቂቃ ሲቀረው ጎል ገባባቸው። አዳራሹ ውስጥ ያ ሁሉ ሰው ቡናው እየቀዘቀዘ አቀርቅሮ ተቀምጧል። ሳጥኑ የደረሰው ያኔ ነው። ኒክ ከፍቶ፣ ክለቡ ለፍጻሜ ማለፉን የሚያበሥር ሻርፕ ሰው ሁሉ እያየው አወጣ። መጀመሪያ የተቃራኒው ደጋፊዎች ፌዝ መስሎት ነበር። ከዚያ የጥልፍ ቤታችንን ምልክት አየ።

ቪንስ ለሦስት ሰዓት ሃያ ጉዳይ ላይ አንድ ሻርፕ በእጁ ይዞ ከአዳራሹ መጣ። ማሽኖቹን በራሱ እጅ አንድ በአንድ አጠፋ። መቶ ሃያ ሻርፕ ተጠልፎ ነበር። ማን አስነሣው ብሎ ጠየቀ። አልጮኸም፤ ቢጮኽ ይሻል ነበር።

ግርማ እትዬ አስካለ ናቸው አለ። እውነቱን ነው። እኔ ካርዱን ሰጠሁ። ቪንስ መነጽሩን አድርጎ ፊርማውንም ሰዓቱንም አነበበ።

ይሄኔ ግርማ ትዕግሥቱ አለቀ። «ታውቅ ነበር እኮ! ነግራኛለች! እያወቀች ነው የጠለፈችው!» አለ።

«ነግራሃለች?» አለ ቪንስ።

ላን እንደ ተማሪ እጇን አወጣች፤ አዎ ነግራዋለች፣ እኔ ሰምቻለሁ አለች። ያን ያህል ስትናገር ሰምቻት አላውቅም ነበር።

የዚያን ቀን ቤት ገብቼ ለባለቤቴ ነገርኩት። ሳቁ ትንታ ሆኖበት ቀና አድርጌ መያዝ ነበረብኝ። ተጫዋቾቹ ከደስታ ብዛት ነው የተዘረሩት የምትለዋን ሦስት ጊዜ አስደገመኝ። እኔም ሳቅሁ። ለአሥር ቀን ያህል በጣም ደስ ብሎኝ ነበር።

ከዚያ የማኅበሩ ደብዳቤ መጣ። ለሚቀጥለው ዓመት ሌላ ጥልፍ ቤት መርጠዋል። ኒክ ከቪንስ ጋር ጠረጴዛ መቀመጥ ትቷል ተባለ።

ቪንስ ስም የማቅረቡን ሥልጣን ከግርማ ወስዶ ነበር። ከማኔጀርነቱ ግን አላነሣውም፤ ታዲያ ከማን ጋር ስለ ኳስ ያውራ? እኔን ቢሮ ጠርቶ፣ ፍትሐዊ መሆን እንደሚፈልግ፣ ስለዚህ በቅጥር ዘመን እንደሚወስን ነገረኝ። መጨረሻ የመጣ መጀመሪያ ይወጣል። የድሮውን ማስጠንቀቂያ ከፋይሌ አውጥቶ ፊቴ ቀደደው። በዘጠናኛው ደቂቃ የተወሰነው የግርማ ውሳኔ እኔን ሳይሆን ላንን አስወጣ።

ላን በመጨረሻው ቀን ዕቃዋን በአንድ ከረጢት ይዛ ከእኔ ጋር አውቶቡስ ጠበቀች። ከሻርፖቹ ጠዋት ጀምሮ እስከዚያች ሰዓት ነገሩን አንሥታ አታውቅም ነበር።

«ያን ጠዋት ስልክሽ ሎከርሽ ውስጥ ነበር?» አለችኝ።

«ነበር» አልኩ።

ራሷን ነቀነቀች። የእሷ አውቶቡስ ቀድሞ መጣ። አሁን የዶሮ ፋብሪካ ውስጥ፣ ቅዝቃዜ ላይ ቆማ ትሠራለች። በአዲስ ዓመታቸው እደውልላታለሁ፤ ታነሣለች፤ ስለ ጤና እናወራለን።

እኔ ሁለቱን ዓመት ጨርሼ በኬክ ተሸኘሁ። ንግግር ያደረገው ግርማ ነው፤ እንደ እናት እንደሚያየኝ ተናገረ። ሰዉ አጨበጨበ፤ እኔም አጨበጨብኩ።

ከእኔ በኋላ ማሽኑ ላይ ለምትቆሙ የምነግራችሁ አጭር ነው። ስሕተት ስታዩ ሰው ባለበት ተናገሩ፤ ካርዱንም አስፈርሙ። ይህ ለራሳችሁ ይበቃል። አጠገባችሁ ለቆመው አይበቃም። ስለዚህ ሁለተኛ ጊዜም ተናገሩ፤ የምትነግሩት ሰው ግርማ ቢሆንም።