ሐጂ ሳልህ ያልሰሙት ደወል

ይህን ለማንም ተናግሬ አላውቅም። ለሚስቴ አልነገርኳትም። ለነፍስ አባቴ የጾም ግድፈቴን፣ ስካሬን፣ ሌላውን ሁሉ ስናዘዝ ኖሬ እዚህች ላይ ስደርስ ጉሮሮዬን ጠርጌ አልፋታለሁ። ዛሬ አላልፋትም። አንተ የምታነበው ሰው፣ ስማኝ እንጂ አታባብለኝ።

በደርግ ጊዜ አሰብ ውስጥ የስልክ መስመር ጠጋኝ ነበርኩ። የዛሬ ልጆች እንደ ፀጉር የቀጠነ የመስታወት ክር ይቀጥላሉ፤ የተበጠሰበትን ቦታ መሣሪያው በሜትር ይነግራቸዋል። የእኛ መዳብ ነበር፤ ለእያንዳንዱ ስልክ አንድ ጥንድ ሽቦ። የአሰብ ጨው ደግሞ መሬት ውስጥ ገብቶ ይበላዋል። የተበላ ጥንድ ክፉ ጠባይ አለው። እጀታውን ስታነሳ ድምፅ ስለሚሰማ ደህና ይመስልሃል፤ ደወሉን ለማስጮህ ግን አቅም የለውም። የሚደውለው ሰው ጆሮ ላይ ይጮሃል፤ የሚደወልበት ቤት ውስጥ ጸጥ ነው። ይህን ያዝልኝ፤ ኃጢአቴ ያለው እዚህ ላይ ነው።

አንድ ሐሙስ ጠዋት የሰፈሩ ካድሬ ስልክ እንዲህ ሆነ። ከበላይ ተደውሎለት ሳይሰማ ቀርቶ ኖሮ ቢሮው አስጠራኝና ጠረጴዛውን እየመታ፣ «ይሄ አሻጥር ነው። እስከ ምሳ ካልተሠራ አንተን አያርገኝ» አለኝ።

ፈራሁ? አዎ ፈራሁ። ፍርሃቴን ግን መደበቂያ አላደርገውም። ወጉ መሬቱን ቆፍሮ የተበላውን ሽቦ መቀየር ነበር፤ በዚያ ሙቀት የሁለት ቀን ሥራ። መንገድ ዳር ያለችው የስልክ ሳጥን ውስጥ ትርፍ ጥንድ አልነበረም። ካቻቢቴዬን አውጥቼ የሐጂ ሳልህን ደህና ጥንድ ፈታሁና ለካድሬው ሰጠሁ፤ የካድሬውን የተበላ ጥንድ ለሐጂ ሳልህ አሰርኩ። ሩብ ሰዓት አልፈጀብኝም። ለምን እሳቸውን? ሌሎቹ ደንበኞች የሚጮኹ፣ የሚከሱ ሰዎች ስለነበሩ ነው። ሐጂ ሳልህ አይቆጡም። ደግ ስለሆኑ መረጥኳቸው።

ሐጂ ሳልህ የአሰብ ተወላጅ ናቸው፤ ወደቡ ላይ ጭነት ሲመዘግቡ ኖረው ጡረታ የወጡ። ሚስታቸው ሞታ የቀረቻቸው አንድ ልጅ፣ ዘሃራ ነበረች። እሷም የነዳጅ ማጣሪያው ውስጥ ይሠራ የነበረ አንድ ክርስቲያን ቴክኒሽያን አግብታ፣ ከአባቷ ተጣልታ፣ ናዝሬት ገባች። ሁለት ዓመት ስሟን አልጠሩም። በኋላ ሽማግሌ ገባና ልባቸው ራራ፤ «ዓርብ ከጁምዓ በኋላ ትደውልልኝ» አሉ። ያ ዓርብ እኔ ሽቦውን የቀየርኩበት ሐሙስ ማግስት ነበር።

ሐሙስ ዕለት ይህን አላውቅም ነበር። ቅዳሜ ግን አወቅሁ። መንገድ ላይ አግኝተውኝ፣ «ወንድሜ፣ እስቲ ይህን ስልክ እይልኝ። ልጄ ትደውላለች ብዬ ትናንት ቀኑን ሙሉ አጠገቡ ዋልኩ፤ አልደወለችም» አሉኝ። ቤታቸው ገባሁ። ስልኩን በርጩማ ላይ አድርገው ከመስገጃቸው አጠገብ አስቀምጠውታል። እጀታውን አነሳሁ። ያ የማውቀው ሰላላ ድምፅ አለ።

«ደህና ነው» አልኳቸው።

«አልሐምዱሊላህ» ብለው በረዶ ያለው ውኃ ሰጡኝ። ጠጣሁት። ሰው እንዴት እንዲህ ዋሽቶ ውኃ ይወርድለታል? ለእኔ ወረደልኝ። እንዲያውም ይድገሙኝ አልኩ።

ሰኞ እጠግነዋለሁ ብዬ ነበር። ሰኞ ካድሬው በስብሰባ ላይ አመሰገነኝ፤ ኮከብ ሠራተኛ ተብዬ ፎቶዬ መሥሪያ ቤቱ ግድግዳ ላይ ተሰቀለ። አሁን ብቆፍር የተበላውን ጥንድ ማን እዚያ ቤት አሰረው ሊባል ነው። ስለዚህ አልቆፈርኩም። ለአንዲት ፎቶ ብዬ አልቆፈርኩም።

በሦስተኛው ዓርብ ማዞሪያ ቤት ሳለሁ ለተብርሃን የምትባል የስልክ ኦፕሬተር ጠራችኝ። «ከናዝሬት የምትደውል ልጅ አለች፤ ሦስተኛ ዓርቧ ነው። ይጮሃል፣ አባቷ ግን አያነሱም። ‹አልማሩኝም ማለት ነው› ብላ አሁን አለቀሰችብኝ። መስመሩን ብታየውስ?» አለችኝ።

እግዚአብሔር በሰው አፍ ሲጠይቀኝ ነበር። እኔ ምን አልኩ? «መስመሩ ደህና ነው፤ ሰውየው ቁጡ ናቸው፤ አትግቢበት» አልኳት። የደጉን ሰው ስም አጠፋሁ። ይህ በስህተት የሆነ አይደለም፤ በድፍረት ነው።

ሽማግሌዎቹ እንደገና ቢሞክሩም እሷ «ደውያለሁ» ትላለች፣ እሳቸው «ሦስቱንም ዓርብ አጠገቡ ዋልኩ፤ አልደወለችም» ይላሉ። አባትና ልጅ አንዱ ሌላውን ውሸታም አደረገው፤ ውሸታሙ እኔ ሆኜ ሳለሁ። በሩ ተዘጋ። ከወራት በኋላ አዲስ ኬብል ተዘርግቶ የሐጂ ሳልህ ደወል ደህና ሆነ፤ የሚደውል ግን አልነበረም። ትንሽ ቆይተው ታመው ሞቱ። ቀብራቸው ላይ ቆሜያለሁ። ሰዎች «ልጃቸው እንኳ አልመጣችም» ሲሉ ሰምቼ እኔም ከንፈሬን መጥጫለሁ። ከዋሸሁት ሁሉ ያችን ከንፈር መምጠጥ እጠላታለሁ።

ያ ዘመን ክፉ ነበር ትለኝ ይሆናል። ክፉ ነበር። ካድሬው ግን ዘሃራን አያውቃትም፤ ለተብርሃን ስትጠይቀኝም እሱ እዚያ አልነበረም። ሽቦውን የፈታሁት እኔ፣ «ደህና ነው» ያልኩት እኔ፣ በሩን የዘጋሁት እኔ። ሽማግሌ ስሆን ነው እውነቱን የምናገረው፤ ይህም አያስመሰግነኝም።

ዘሃራ ናዝሬት ውስጥ ጨርቅ እንደምትሸጥ ሰምቻለሁ። ለዓርብ አውቶቡስ ትኬት ቆርጫለሁ። ይቅር በዪኝ አልላትም፤ ይቅርታ ብጠይቃት እኔን የማጽናናት ሥራ እሰጣታለሁ፣ ያ ደግሞ ሌላ በደል ነው። ብትረግመኝ ቆሜ እሰማለሁ። የምነግራትን ግን አሳጥሬ ይዣለሁ፣ እንዳልሸሽበት። አባትሽ በሦስቱም ዓርብ ስልኩ አጠገብ ነበሩ። አልጮኸላቸውም። እንዳይጮህ ያደረግሁት እኔ ነኝ።