ከጋሽ መዶሻ ግቢ የወጣው ሸክላ

የሠፈሩ ሰው «ጆሮ» ይላታል። ስሙን ያወጣችላት እናቷ ናት። ልጅ ሳለች እናቷ ብትጠራት ብትጠራት አትሰማም፤ የጎረቤት በር ሲጢጥ ሲል ግን ከየትም ሮጣ ትመጣ ነበር። ካደገችም በኋላ ያው ናት። ከእናቷ ጋር መንገድ ዳር ባለችው ክፍላቸው ልብስ ትሰፋለች፤ ዚፕ መቀየርና ቁልፍ መትከል የእሷ ድርሻ ነው። ሥራ ጋብ ሲል ስልኳን ይዛ የስፌት መኪናው ሥር ትገባና የፔዳሉን ድምፅ ትቀዳለች። ደንበኞች ገብተው ከጠረጴዛው ሥር የወጡ ሁለት እግሮች ሲያዩ ክው ይላሉ። እናትየው ቀና እንኳ ሳትል፣ «ልጄ ናት፤ ደህና ናት» ትላቸዋለች።

የቀዳችውን ሁሉ ከኋላ ባለችው ጠባብ ክፍል በአሮጌ ላፕቶፕ ትቀጣጥለዋለች። ክፍሏ እስከ ጣሪያው በጨርቅ ቁርጥራጭ የተሞላች ስለሆነች ድምፅ አታስተጋባም፤ ከዚህ የበለጠ ስቱዲዮ ከየት ይመጣል? እናቷ ስትሰፋ የምታንጎራጉረውን የድሮ የሐዘን ዜማ ወሰደች። ከማርሽ ባንድ ጡረታ የወጣው ጎረቤታቸው ከሰዓት ከሰዓት የሚለማመደውን ትራምፔት ጨመረችበት። ከታክሲ ተራው የሚመጣውን የጭፈራ ምት ከሥሩ አስገባች። ከሁሉም በላይ ግን የወደደችው አሸንዳና ባልዲ የሚሠሩትን የጋሽ መዶሻን ቅጥቀጣ ነበር። ቀኑን ሙሉ ቆርቆሮ ሲወግሩ ሠፈሩ ጆሮውን ይይዛል፤ እሷ ግን አጥራቸውን ተደግፋ ትቆማለች።

ከእነዚህ ድምፆች ያቀናበረችውን አልበም ስትጨርስ መሀል ከተማ ወዳለ ትልቅ ሙዚቃ ቤት ይዛው ሄደች። ባለቤቱ ጥቂት ሰማና አቆመው።

«እሺ፣ ይሄ ሠርግ ነው ወይስ ለቅሶ?»

ከዚያ ምክሩን አወረደላት። ወይ የጭፈራ አድርጊው፣ ወይ የትዝታ፤ ትራምፔቱም ሌላ ዓለም ነው፤ ኳኳታውን ደግሞ አጽጂልኝ አላት። አንገቷን ደፍታ ተመለሰችና ለእናቷ ነገረቻት። እናቷ ክሩን በጥርሷ በጠስ አደረገች።

«ከግድግዳችን ወዲህ ሠርግ፣ ወዲያ ለቅሶ የሆነበትን ቀን ረሳሽው? የሁለቱንም ልብስ እኮ የሰፋሁት እኔ ነኝ።»

ያም ሆኖ ልቧ አላረፈም፤ ሰውየው እንዳለው ኳኳታውን አውጥታ ሞከረችው። ዘፈኑ ጸዳ፤ ጸዳና ነፍሱ ወጣች። ሁለት ጊዜ ሳታዳምጠው ሁሉንም መለሰችና፣ ማንንም ሳትለማመጥ በገዛ ቅጽል ስሟ ኢንተርኔት ላይ ለቀቀችው።

መጀመሪያ ያነሱት የታክሲ ሹፌሮች ናቸው። ከዚያ ፀጉር ቤቶቹ፣ ከዚያ ሬዲዮ፤ ጭድ ላይ እንደወደቀ እሳት ተያያዘ። ጋሽ መዶሻም ታክሲ ውስጥ ተቀምጠው የገዛ መዶሻቸውን ሰሙ። ተሳፋሪው እየተወዛወዘ ይስቃል። ወርደው በቀጥታ ወደ ስፌት ቤቱ መጡ፤ ሽርጣቸውን እንኳ አላወለቁም።

«ዕድሜ ልኬን የለፋሁበትን መሳቂያ ታደርጊዋለሽ?» አሏት።

እውነትም አላስፈቀደቻቸውም ነበር። ጥፋቷን አምና ይቅርታ ጠየቀች፤ ከዚያ አንድ ጊዜ ብቻ እንዲሰሙላት ለመነቻቸው። የጨርቅ ክምር ላይ አስቀምጣቸው የጆሮ ማዳመጫውን ራሷ አጠለቀችላቸው። ትራምፔቱ ትንፋሽ በሚወስድበት ቦታ ሁሉ የእሳቸው መዶሻ እየገባ፣ የእናቷ ዜማ ከሥር እንደ ውኃ ይፈስሳል። ሽማግሌው ፊታቸውን አኮሳትረው ጀመሩ፤ ቀስ እያለ ግን ጣታቸው ጉልበታቸው ላይ መምታት ያዘ። ሲያልቅ ማዳመጫውን አላወለቁም።

«መልሺው» አሏት።

ደግመው ሰሙና ዓይናቸውን በሽርጣቸው ጫፍ ጠረግ አደረጉ። «መጨረሻው ላይ እጄ ዝሏል። ሌላ ጊዜ ስትቀጂ ንገሪኝ እንጂ ልጄ፤ ስንፍናዬን ነው እንዴ ለአገር የምታሰሚው?»

ከዚያ ወዲያ አጥር መደገፍ ቀረ፤ ሠፈሩ ራሱ ይመጣላት ጀመር። አንዷ ጎረቤት የእኔ በር ከእሷ በር ይልቅ አሳምሮ ያለቅሳል ብላ ከሌላዋ ጋር ተኳረፈች፤ ጆሮ ለማስታረቅ ሁለቱንም በሮች ቀዳች፤ ሁለቱም በሁለተኛው አልበም ገቡ። አልበሙን ከባሕር ማዶ የሙዚቃ ሸክላ የሚያትሙ ሰዎች ሰሙትና ደወሉላት። ሸክላው ታትሞ ሲመጣ እናቷ እንደ ውድ ጨርቅ ብርሃን ላይ ይዛ አገላብጣ አየችው። ስፌቱ የት እንዳለ አልታይ አለኝ ብላ አሳቀቻት።

በአንድ እሑድ ከሰዓት የከተማው ትልቁ አዳራሽ ለእሷ ተከፈተ። ሠፈሩ አውቶቡስ ተኮናትሮ ነቅሎ መጣ። ጆሮ ላፕቶፗን ከፊቷ አድርጋ ቆመች፤ በቀኟ ባለ ትራምፔቱ፣ በግራዋ ጋሽ መዶሻ፣ አዲስ ሸሚዝ ለብሰው ከአንድ ሉህ ቆርቆሮ ጋር። ገና ሲጀመር አዳራሹ ጭጭ አለ። ፈርታ ወደ ሽማግሌው ዞረች። እሳቸው ግን እንደ ሥራ ቀን እጅጌያቸውን ሰበሰቡና መቱ። ያን ጊዜ ከኋላ አንድ ሰው ተነሣ፤ ረድፉ ተከተለው፤ ወዲያው የሚቀመጥ ጠፋ። የሐዘኑ ዜማ ሲመጣ ሕዝቡ ጭፈራውን አላቆመም፤ እያለቀሰ ጨፈረ። የእናቷ እግር ወንበሩ ሥር ፔዳል እንደሚረግጥ ወለሉን ይመታ ነበር። የሙዚቃ ቤቱም ሰውዬ ዳር ቆሞ ያጨበጭባል። ጆሮ አላየችውም፤ እናቷ ግን አየችው፤ የኮቱ እጅጌ ረዝሞበታል፣ ያምጣውና ላሳጥርለት ብላ ለጎረቤቷ አንሾካሾከች።

ሲያበቃ ፀሐይ ገና አልጠለቀችም። አውቶቡሱ ውስጥ ባለ ትራምፔቱ መስኮት ከፍቶ ነፋ፤ ጋሽ መዶሻ የፊተኛውን ወንበር ብረት በጣታቸው ይመታሉ። ሹፌሩ ሬዲዮውን ዘጋ። ጆሮ መሀላቸው ቆማ፣ በዚያን ቀን ስልኳን ሳታወጣ፣ ከሠፈሯ ጋር አብራ ዘፈነች።