የሁለተኛው አልጋ ጉርሻ

ብቻውን በመርከብ የሚጓዝ ሰው የሁለት ሰው ዋጋ እንደሚከፍል የነገረችኝ አንዲት የጉዞ ወኪል ናት። ክፍሉ ሁለት አልጋ አለው፤ በአንዱ ማንም ባይተኛበትም ሒሳቡ አይቀርም። ይህን የነገረችኝ ኦክላንድ፣ ቢሮዋ ውስጥ፣ ድምፅዋን አለስልሳ፣ የሶፍት ሳጥን ወደ እኔ እየገፋች ነው። ሳጥኑ እንዴት ቀድሞ ተዘጋጀ ብዬ ጠረጠርኩ። የቀብር አስፈጻሚው ሰውዬም እንዲህ ያለ ሳጥን ነበረው። እሱም ሶፍቱን ካቀበለኝ በኋላ ነው ውድ ውዱን የሬሳ ሳጥን ያሳየኝ።

ጉዞውን ያሰቡት ባለቤቴ ነበሩ። ከሳን ፍራንሲስኮ ተነስቶ አላስካ ደርሶ የሚመለስ መርከብ ነው። ኤመሪቪል በሚገኝ አንድ ሆቴል በር ላይ ቆመው የእንግዳ መኪና እየተቀበሉ ሲያቆሙ ብዙ ዓመት ኖረዋል። ደሞዛቸው ትንሽ ነበር፤ የኖርነው በጉርሻ ነው። እዚህ ያለው ሰው ሁሉ ቲፕ ሲል እሳቸው ጉርሻ ማለትን አልተዉም። ማታ ቤት ሲገቡ ሶፋው ላይ ዘፍ ይሉና «እስቲ ፊቴን ላሳርፈው» ይላሉ። ሲስቁ ውለው ጉንጫቸው ይዝል ነበር። «አየሽ፣» ይሉኛል፣ «የሰው ፈገግታ ሲበዛ ኪስን መዳበስ ነው። እኔም ብሆን በነጻ አልስቅም።» አንድ ጊዜ ብቻ እሳቸው ተቀምጠው ሌላ ሰው እንዲስቅላቸው ፈለጉ። የጉዞውን ገንዘብ ከፍለን ስንጨርስ ታመው ተኙ፤ በገና ሰሞን አረፉ።

ወኪሏ በሳቸው ቦታ ሌላ ሰው ይዤ መሄድ እንደምችል ነገረችኝ። «የሳቸው አልጋ የአውቶቡስ ወንበር አይደለም» አልኳት። በአማርኛ ስላልኩት ፈገግ አለችልኝ። ስማቸውን ከቲኬቱ ማስወጣትም ሌላ ክፍያ አለው ስትለኝ ተዪው አልኳት። እሳቸው ባይሄዱ ስማቸው ይሂድ። ለራሴ ግን ቃል ገባሁ፤ ከእንግዲህ በሳቸው ማረፍ ማንም አያተርፍም።

ልጄ ሂጂ ሂጂ አለችኝ። አንድ ልጃችን ናት፤ ሳን ሆዜ ትኖራለች፣ ሚልፒታስ ያለ የኮምፒውተር ዕቃ ፋብሪካ ውስጥ ትሠራለች። በሕፃንነቷ ይዘናት ስለመጣን አማርኛ ትሰማለች፤ የምትመልሰው በእንግሊዝኛ ነው። «ጀስት ጎ፣ እማዬ። ተከፍሎበታል እኮ» ማለቷን በስልክ ሰማሁና እሷንም ጠረጠርኳት። ለምን ከቤቴ ልታስወጣኝ ቸኮለች?

የጠረጠርኳት ያለ ምክንያት አይደለም። አባቷ ያረፉ ዕለት፣ መሸት ሲል፣ ስልክ ደወልኩላት። በእኛ አገር መርዶ በስልክ አይነገርም። ቢነገርም ሰው ተጨንቆ፣ ቃል መርጦ ነው። መኪና ስትነዳ ፍሪዌይ ላይ ደንግጣ አንድ ነገር እንዳትሆንብኝ ድምፄን ዝቅ አድርጌ «አባትሽ አሁን አረፉ። ቀስ ብለሽ ነይ» አልኳት። በረጅሙ ተንፍሳ «ኦ፣ ጉድ» አለች። ነገ እመጣለሁ ብላኝ ስልኩን ዘጋች።

በማግስቱ ረፋዱ ላይ የዶሮ ሾርባ በድስት ይዛ መጣች። ቤቱ በለቀስተኛ ተሞልቷል። ድስቱን እንደያዘች በሩ ላይ ቆማ ቀረች፤ ከዚያ ጮኸች። ጩኸቱን ለለቀስተኛው ያዘጋጀችው መሰለኝ። ያን «ጉድ» የሚል ቃል ለወራት አላመጥኩት። የአማርኛው ጉድ ይሆናል፣ ጉድ ፈላ ማለቷ ነው እያልኩ ራሴን ላታልል ሞከርኩ። ግን ልጄ በአማርኛ አትደነግጥም። የእንግሊዝኛው ነው። አባቷ አረፉ ስላት እሰይ አለች። ለምን እሰይ እንዳለች አልጠየቅኋትም፤ እሷም ለምን በማግስቱ እንደመጣች አልነገረችኝም። በየእሑዱ ትመጣለች፤ ሳህን አጥባ፣ ግንባሬን ስማ ትሄዳለች። እኔ እሷ ያጠበችውን ሳህን እንደገና አጥበዋለሁ።

መርከቡ ላይ የወጣሁት ይህን በሆዴ ይዤ ነው። መሰላሉ ጫፍ ላይ አንድ ፎቶ አንሺ ሳላስበው ብልጭ አደረገብኝ። ኋላ ሊሸጥልኝ ነው ብዬ ፊቴን በነጠላዬ ከለልኩ። እውነትም በማግስቱ ግድግዳ ላይ ለሽያጭ ተሰቅዬ ራሴን አገኘሁት፤ ነጠላ የለበሰ ምሰሶ እመስላለሁ።

ክፍሌን የሚያሰናዳው ሰው በሩ ላይ ቆሞ ጠበቀኝ። አጠር ያለ፣ ጎልማሳ የፊሊፒንስ ሰው ነው፤ ሲስቅ ዓይኖቹ ይጠፋሉ። ሻንጣዬን ተቀብሎ ከኋላዬ ኮሪደሩን ቃኘ።

«ባለቤትዎስ፣ ማዳም?»

ወረቀቱ ላይ የሁለት ሰው ስም አለ ማለት ነው። ምን ልበለው? ከገና ወዲህ በአፌ የዞረችው ያችው አንዲት ቃል ናትና እሷኑ ወደ እንግሊዝኛ መለስኳት። «ሂ ኢዝ ሬስቲንግ» አልኩት፤ አርፈዋል ማለቴ ነው። እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ አንገቱን ደፋ። «ገብቶኛል፣ ማዳም» አለ በሹክሹክታ። የሐዘን ወግ ያውቃል ብዬ ትንሽ ደስ አለኝ። ትንሽ ብቻ።

የዚያኑ ዕለት ማታ ከእራት ስመለስ ሁለቱም አልጋ ተገልጦ፣ በሁለቱም ትራስ ላይ ቸኮሌት ተቀምጦ አገኘሁ። ጠረጴዛው ላይ ሁለት ብርጭቆ። ኪሴን ዳበስኩ።

በማግስቱ ኮሪደሩ ላይ ሲያገኘኝ ዓይኖቹን አጥፍቶ ሳቀና «አሁንም እያረፉ ነው?» አለኝ። ያረፈ ሰው ከዕረፍቱ የሚነሳ ይመስል። «አዎ» ብዬው አለፍኩ። በየጠዋቱ ይጠይቀኛል፤ በየጠዋቱ አዎ እለዋለሁ። የጽዳት ጋሪ የሚገፉት ሠራተኛ ልጆች እኔን ሲያዩ ወሬያቸውን ያቆማሉ፤ በሬ አጠገብ ሲደርሱ ጋሪውን ከምንጣፉ አንስተው ሊሸከሙት ምንም አይቀራቸው። ምንድነው የሚደብቁኝ? አንድ ከሰዓት በኋላ ደግሞ ከባለቤቴ አልጋ ራስጌ፣ በትሪ ላይ፣ የተከደነ ሾርባ አገኘሁ። አላዘዝኩም። ላረፈ ሰው ምግብ ማስቀመጥ የአገራቸው ልማድ ይሆናል አልኩ፤ ልማዱ የነሱ፣ ሒሳቡ የኔ። ደግሞም ሾርባ ሳይ ልጄ በሩ ላይ ቆማ ትታየኛለች። ሳልነካው ትሪውን ወደ ውጭ አወጣሁት።

እንቅልፍ አልነበረኝም። በራሴ አልጋ እጀምርና በሳቸው አልጋ ያነጋልኛል፣ ወይም የዚያን ተቃራኒ። ብርድ ስለነበር የሳቸውን ሹራብ እለብሳለሁ፤ ሲሞቀኝ አውልቄ ትራሳቸው ላይ ጣል አደርገዋለሁ። ከባሕሩ የሚነሳውን የበረዶ ተራራ ሰው ሁሉ ወጥቶ እያጨበጨበ ሲያየው እኔ በመስኮት አየሁት። ትልቅ ነው። ሌላ የምለው የለኝም።

እራት ላይ አጠገቤ የምትቀመጠው ከሄይዋርድ የመጣች ጡረተኛ አሜሪካዊት ነበረች። የሐዘን ልብሴን አይታ «ይሄ ጥቁር እንዴት ያምርብሻል! በየማታው እንደዚህ መልበስ እኔ አልችልበትም» አለችኝ። ስለ ጉርሻውም የነገረችኝ እሷ ናት። በመጨረሻው ቀን ባዶ የጉርሻ ፖስታ ይመጣል፤ ለክፍሉ ሰው፣ ለአስተናጋጁ፣ ለረዳቱ። የሚሰጠው በየቀኑ፣ በየሰው ራስ ነው።

«በየሰው ራስ?» አልኳት።

«በየራስ፣ የኔ ቆንጆ። አልጋውን የሚቆጥሩት ለዚህ አይደል?» ብላ ሳቀች።

ነገሩ ሁሉ በራልኝ። ሁለት ቸኮሌት፣ ሁለት ብርጭቆ፣ «አሁንም እያረፉ ነው?»። ሐዘኔን ሲያስታምም ሰንብቶ የሁለት ሰው ሊቀበለኝ ነው። ቀኑን ጠበቅሁ።

በመጨረሻው ቀን ከምሳ ስመለስ ፖስታዎቹ ተቀምጠዋል። አንድ እስር በኔ አልጋ፣ አንድ እስር በባለቤቴ አልጋ። በሩን ከፍቼ ጠራሁት።

«ይሄ ምንድነው?»

«ፖስታ ነው፣ ማዳም። ግዴታ የለበትም።»

«ሁለት ለምን ሆነ?»

«ሁለት ሰው ናችሁ።»

«አንድ ነኝ!»

ጣቱን ከንፈሩ ላይ አድርጎ ወደ ክፍሉ ውስጥ በስጋት አየ። «ቀስ፣ ማዳም። እርግጥ ባለቤትዎ ለምግብ አልወረዱም፤ የአስተናጋጆቹን መተው ይችላሉ። የኔ ግን...» ዓይኖቹ ጠፉ። «አልጋቸውን በየቀኑ፣ እሳቸው መታጠቢያ ቤት ሲሆኑ፣ አንጥፌያለሁ። ሲበዛ የሚገላበጡ ሰው ናቸው።»

አርፈዋል ብለው የማይገባው ይህ ምን ዓይነት ሰው ነው? ሌላ ቃል አልነበረኝም፤ የቀረችኝ ለማንም ብያት የማላውቃት ናት። በአማርኛ እምቢ አለችኝ፤ በእንግሊዝኛ ወጣች። «ሂ ዳይድ!» አልኩት።

ፊቱ አመድ መሰለ። የመታጠቢያ ቤቱን በር አየ። «መቼ? ዛሬ?» ብሎ ስልኩ ላይ ተወረወረ። «ዶክተር! ዶክተር ልጥራ!»

«አይ! በገና!»

እጁ ስልኩ ላይ ቀረ። «በገና?»

«በገና። ኦክላንድ።»

«ታዲያ...» ድምፁ ቀጠነ። «ታዲያ እዚያ አልጋ ላይ የሚተኛው ማነው?»

«እኔ።»

«እዚህኛውስ?»

«እኔ።»

«ሹራቡስ?»

«የሳቸው ነው። እኔ እለብሰዋለሁ።»

ወንበሩ ጠርዝ ላይ ተቀመጠ። ሠራተኛ እንግዳ ፊት እንደማይቀመጥ አውቃለሁ፤ ተነስ አላልኩትም።

«ማዳም፣ የመጀመሪያ ቀን ሬስቲንግ አሉኝ።»

«አርፈዋል ማለቴ ነው። እኛ አገር ለትልቅ ሰው እንደዚያ ነው የሚባለው።»

«እኛ አገር ሬስቲንግ የሚባለው የተኛ ሰው ነው! የታመመ ሰው መስሎኝ ኮሪደሩን በሙሉ በሹክሹክታ ሳሠራው ሰነበትኩ። ልጆቹን ጋሪ አታንኳኩ እያልኩ ስቆጣ! ሾርባውን ከሠራተኞች ማዕድ ቤት ለምኜ ነው ያመጣሁት። ሳይነኩት ሲመልሱት ምን ያለ ኩሩ ሽማግሌ ነው አልኩ።» አፉን በእጁ ያዘ። «ትናንትናማ ሲያንኮራፉ ሰማሁ ብዬ ለጓደኛዬ ምያለሁ።»

ሳቅ አመለጠኝ። እሱም ትከሻው እየተንቀጠቀጠ ሳቀ። ከገና ወዲህ ስቄ አላውቅም ነበር። ሾርባውን እንደገና ሳስበው ግን ሳቁን ተውኩት። የታመመ ሰው መስሎኝ፣ ነው ያለው። የተኛ መስሎኝ። ሾርባ ይዞ መጣ።

ልጄም ሾርባ ይዛ ነበር የመጣችው።

ሰውዬው ማልቀሴን አይቶ ተነሳ። ከሳቸው አልጋ ላይ ያሉትን ፖስታዎች መሰብሰብ ጀመረ። «ይቅርታ፣ ማዳም። እነዚህን ልውሰዳቸው።»

«ያንተን ተወው። ሁለት አልጋ አንጥፈሃል።»

«እሱስ እውነት ነው» አለ፤ ሳያፍር። ባለቤቴም ቢሆኑ ይህንኑ ነበር የሚሉት። ከዚያ ግራ ገብቶት አልጋውን አየ። «ዛሬ ማታስ? ላንጥፈው ወይስ ይቅር?»

«አንጥፈው። ተከፍሎበታል» አልኩት።

ሳን ፍራንሲስኮ ወደቡ ላይ ልጄ በመኪና ጠበቀችኝ። ሻንጣዬን ጭና፣ ሞተሩን አስነስታ፣ መርከቡ እንዴት ነበር፣ አስተናገዱኝ ወይ፣ ምን ያህል ቲፕ ሰጠሁ ብላ ጠየቀችኝ።

«ለክፍሉ ሰው የሁለት ሰው ሰጠሁት» አልኳት።

«እማዬ! ዋይ? አታለሉሽ?»

«ሞተሩን አጥፊው» አልኳት። አጠፋችው። «አባትሽ አረፉ ብዬ ስደውልልሽ ምን መሰለሽ?»

እጇ መሪው ላይ እንዳለ ቀረ። እንቅልፍ የወሰዳቸው መስሏት እንደነበር በእንግሊዝኛ ነገረችኝ። ሕመሙ ለሳምንት ሙሉ አላስተኛቸው ብሎ ስለነበር፣ ተኙ ስላት ደስ አላት። እንዳትቀሰቅሳቸው ብላ ነው ሌሊቱን ያልመጣችው። ቀስ ብለሽ ነይ ያልኳትም ድምፅ እንዳታሰማ መስሏታል። ኋላ በለቀስተኛ ፊት፣ አማርኛው አልገባኝም ብላ መናገሩ አሳፈራት። እኔ ደግሞ አልጠየቅኋት።

«ባይ ዘ ዌይ አይ ኒው፣» አለች አፍንጫዋን እየጠራረገች፣ «ያጠብኩትን ሳህን ደግመሽ እንደምታጥቢው አውቅ ነበር።»

እጄን መሪው ላይ ካለው እጇ ላይ ጫንኩ። ያን ዕለት በስልክ ማለት የነበረብኝን አሁን አልኩት፤ ቃሉ ድንጋይ አክሎ ነው የወጣልኝ። «አባትሽ ሞቱ» አልኳት።

በሩ ላይ እንደጮኸችው ሳይሆን ድምፅ ሳይኖራት አለቀሰች፤ ግንባሯ ትከሻዬ ላይ ነበር። ቀና ስትል የተናገረችው በአማርኛ ነው፤ የተሰባበረ፣ የሕፃን አማርኛ።

«ለምን ያኔ ሞቱ አላልሽኝም?»

«ለትልቅ ሰው አይባልም» አልኳት።

«ለኔ ይባላል» አለችኝ።