ደሙም ይመለስ

አባታችን ትቶልን ከሄደው ነገር ሁሉ የሚረባው አማርኛው ነው። ለሥራ ተዛውሮ መቐለ የመጣ የመንግሥት መሥሪያ ቤት ጸሐፊ ነበር። እናቴን አገባ፣ እኔን ወለደ፣ ቀጥሎ ወንድሜን ወለደ። ሐኪሙ «ልጁ ያለበት በሽታ በእናት በኩል የሚመጣ ነው» ባለው ሰሞን ወደ አገሩ እንዲዛወር አመለከተ፤ ተፈቀደለትና ሄደ። «እስክደላደል ነው» ብሎ ነበር ለእናቴ። እስከ ዛሬ እየተደላደለ ነው መሰለኝ።

የወንድሜ ደም አይረጋም። ሌላ ሰው ጣቱን ቢቆረጥ ጥቂት ደምቶ ያቆማል፤ የእሱ አያቆምም። ሄሞፊሊያ ይሉታል ሐኪሞቹ። የታወቀው በተወለደ በስምንተኛው ቀን ሲገረዝ ነው። ሽማግሌው ገራዥ ደሙን ማቆም ሲያቅተው፣ እጄ ከዳኝ ከሚል «እናትየው እርጉዝ ሆና የረገጠችው ነገር አለ» ብሎ ዕቃውን ሰብስቦ ወጣ። ከዚያ በኋላ የሰፈሩ ሴት ሁሉ እናቴ ምን እንደረገጠች ዐዋቂ ሆነች። እናቴም ምላስ አላት፣ ለእያንዳንዷ የሚመጥናትን ትመልስ ነበር። በኋላ ሐኪሙ «በእናት በኩል ነው» አለ። ከዚያን ቀን ጀምሮ ለሰፈሩም መመለስ ተወች።

የምንኖረው ቀዳማይ ወያነ ሰፈር፣ ከገበያው ጀርባ ነው። እናቴ ልብስ ሰፊ ናት። መርፌ የሚረግፍበት ቤት ውስጥ ደሙ የማይቆም ልጅ ማሳደግ ምን እንደሆነ አስቡት። ከተበላሸ ሬዲዮ ያወጣችው ማግኔት ነበራት፤ ሥራዋን ስትጨርስ በክር አንጠልጥላ ወለሉ ላይ ጥግ ለጥግ ትጎትተዋለች። መርፌው እየተለቀመ ልጁ አደገ። ጉልበቱ ግን ሳይወጉት ውስጥ ለውስጥ እየደማ ያብጥ ነበርና ማንከስ ጀመረ። ለጠየቀ ሁሉ «ከጣራ ወድቆ ነው» ይባላል። ስለዚህ ወንድሜ ጣራ ላይ ሳይወጣ ከጣራ የወደቀ ሰው ሆነ።

እኔን ሊያገባ የመጣው ልጅ እንዳ ኢየሱስ በሚባለው የዩኒቨርሲቲው ግቢ ውስጥ የኤሌክትሪክ ሠራተኛ ነበር። እናቱ ገበያው ውስጥ የጨርቅ ሱቅ አላት፤ እናቴም ጨርቅ የምትገዛው ከእሷ ነው። ወደድሁት። ይህን ለመናገር ዛሬ አላፍርም፤ በጣም ወደድሁት። ሽማግሌዎቹ የመጡ ቀን እናቴ ወንድሜን «ኳስ እይ» ብላ ወደ ስታዲየም ላከችው፣ እያነከሰ እንዳያዩት። ሽማግሌዎቹ እንደ ወጉ ዘር ጠየቁ፤ በዘራችሁ የሚጥል፣ የሚያቆምጥ፣ የሚያሳብድ በሽታ አለ ወይ አሉ። እናቴ ዐይኗን ሳታሽ «ደማችን ንጹሕ ነው» አለች። ማታ ለሁለታችንም አስጠነቀቀችን፤ ሠርጉ እስኪያልፍ የበሽታውን ስም ማንም እንዳይሰማ። ወንድሜ ሳቀ። «እኔ እንደሆንሁ ከጣራ የወደቅሁ ሰው ነኝ፣ ምን አስጨነቃችሁ» አለ።

ወንድሜ ምስጢሩን ጠበቀ፤ ጉዱም የመጣው በዚህ ነው። የሚያሠቃየው መንጋጋ ጥርስ ነበረው። በሠርጌ ቀን ሥጋ እንደ ሰው ማኘክ አማረውና፣ ለማንም ሳይነግር ጥርስ ሐኪም ዘንድ ሄደ። ሐኪሙ መንቀል ከመጀመሩ በፊት «ሌላ በሽታ አለብህ?» ብሎ ጠይቆታል። የለብኝም ብሏል። ለምን እንዲህ እንዳደረገ በኋላ ስጠይቀው፣ ጥጥ በተጠቀጠቀበት አፉ «ሠርጉ ሳያልፍ እንዳትናገሩ አልተባለም እንዴ?» አለኝ። ጥርሱን በተነቀለ በማግሥቱ ጠዋት ስንነሣ ትራሱ፣ አንሶላው፣ አጠገቡ የነበረው ሳፋ፣ ሁሉም ደም ነበር። ከንፈሩ አመድ መስሏል።

ሆስፒታል አስተኙት፤ ደም ሰጡት። ያኔ አሠራሩ እንዲህ ነበር። በሽተኛው ከተቀመጠው ደም ይሰጠዋል፣ ቤተሰቡ ደግሞ ሰው አምጥቶ በምትኩ ያስገባል። «ተኩ» ነው የሚሉት። አንተ የምትሰጠው ደም ተመርምሮ፣ ንጹሕ መሆኑ ታውቆ፣ ተራው ለደረሰ ለማንም ሰው ነው የሚሄደው። ይህን የሚያምን ግን አላጋጠመኝም፤ ሁሉም የራሱ ደም ከክንዱ ወጥቶ በቀጥታ ዘመዱ ክንድ ውስጥ የሚንቆረቆር ይመስለዋል።

ለመተካት የእናቴን ዘመዶች ለመንን። በጦርነቱ ጊዜ ለወታደር ደም እንስጥ ብለው ተሰልፈው የዋሉ ሰዎች ናቸው፤ ለወንድሜ ሲሆን አንዱን ወገቡን አመመው፣ አንዱ ጾም ነው አለ፣ አንዷ ደግሞ ጭራሽ ስልክ ማንሣት ተወች። ሳይጠራ የመጣው እጮኛዬ ብቻ ነው። ከሥራ ቦታው ሰምቶ በእግሩ እየሮጠ መጣ። «አማቼ አይደል እንዴ?» አለና ጃኬቱን አውልቆ አስያዘኝ። አትስጥ ብለው ይጠረጥራል፤ ስጥ ብለው ደግሞ ምስጢሩ እዚያ እንዳይወጣ ፈራሁ። ጃኬቱን ታቅፌ ከኋላው ገባሁ።

ደም የምትቀዳው ሲስተር ቆፍጣና ሴት ናት፤ ከመቅዳቷ በፊት ትጠይቃለች። ወባ ይዞህ ያውቃል? ዐይንህ ቢጫ ሆኖ ያውቃል? መልሶ መልሶ ሲጨርስ «ለማን ነው የምትተካው?» አለችው።

«ጥርሱን ተነቅሎ ለተኛው ልጅ።»

«ወንድሙ ነህ?»

ወደ እኔ ዞሮ ፈገግ አለና «እንደ ወንድሙ ቁጠሪው» አላት።

«እንደ አይሠራም እዚህ። የእናቱ ልጅ ከሆንህ አልቀዳህም። የእሱ በሽታ በእናት ነው የሚመጣው፤ አንተም ጋ ካለ መርፌው ሲወጣ ደምህ አይቆምልህም።»

«የምን በሽታ?»

«ሄሞፊሊያ ነዋ! ደሙ አይረጋም እኮ። አልነገሩህም?»

«ወንድሙ አይደለሁም» አለ እጮኛዬ ቀስ ብሎ። «እህቱን ላገባ ነው።»

ሲስተር እኔን አየች፣ የታቀፍሁትን ጃኬት አየች። ፊቷ ቀላ። «እንግዲያው መስጠት ትችላለህ» አለችው።

ተነሥቶ መሄድ ይችል ነበር። አልሄደም፤ ተጋደመና ክንዱን ዘረጋላት። ደሙ በቱቦው ሲወርድ ጣራ ጣራውን እያየ «ሴቶቹስ?» ብሎ ጠየቃት። «ሴቶቹ ተሸክመው ለወንድ ልጃቸው ያስተላልፋሉ። ሁሉም ግን አይደሉም» አለችው። «እህቱ ላይ ሊኖር ይችላል፣ ላይኖርም ይችላል።» እኔ ያን «ላይኖርም ይችላል» የሚለውን ይዤ ቀረሁ። እሱ የትኛውን እንደያዘ ግን አልነገረኝም። ሲጨርስ የተሰጠውን ሻይ ጠጣ፣ ብስኩቱን በላ፣ ጃኬቱን ተቀበለኝ። «ታውቂ ነበር?» አለኝ። አውቅ ነበር አልሁት። «እግዚአብሔር ይማረው» ብሎ ጨብጦኝ ሄደ። ቢሰድበኝ፣ ቢመታኝ እንኳ ይሻለኝ ነበር።

ሳምንት ሳይሞላ እነዚያው ሽማግሌዎች ነገሩን ሊያፈርሱ መጡ፤ የልጁ እናት አብራቸው መጣች። በእኛ ዘንድ ቃል ኪዳን ሲፈርስ የተሰጠው ሁሉ ይመለሳል። እናቴ ቀለበቱን፣ ሐብሉን፣ ቀሚሱን፣ አንድ ቀን ያላደረግሁትን ጫማ ሳይቀር ጠረጴዛው ላይ ደረደረች። ሴትዮዋ እየገለጠች አየች፣ ጨርቁን በጣቷ ዳሰሰች፣ ጫማውን ገልብጣ ሶሉን አየች። ከዚያ «አንድ ነገር ቀርቷል» አለች።

«ምን ቀረ?» አለች እናቴ።

«ደሙ።»

ሽማግሌዎቹ ተያዩ። ትልቁ ሽማግሌ «ኧረ አንቺ ሰው፣ ደም እንዴት ሆኖ ይመለሳል?» አላት።

«ሆስፒታሉ ራሱ ተኩ አይደል የሚለው? እነሱም ይተኩ። ልጄ የሰጠው ለአማቹ ነው፤ አማች ከሌለ ደሙም ይመለስ። ሓፍተይ፣ እኔ የልጄን ደም ዋሽቶ ለወሰደ ቤት አልተውም።»

ሓፍተይ እህቴ ማለት ነው። ቢላዋ እንኳ እንደዚህ ለስልሶ አይገባም። እናቴ ከዚህ ቀደም ስትቆጣ አይቻት አውቃለሁ፤ እንደዚያ ቀን ግን አይቻት አላውቅም። ብድግ ብላ «ነገ ጠዋት ይተካል! ቆመሽ ታያለሽ!» አለች። ሴትዮዋም «አያለሁ» አለች።

አየችም። በማግሥቱ ሱቋን ዘግታ፣ ነጠላዋን አጣፍታ፣ ደም መስጫው ክፍል ውስጥ አግዳሚው ላይ ከእኛ ቀድማ ተቀምጣ አገኘናት። የዚያን ቀን ተረኛዋ ሌላ ሲስተር ነበረች፤ እኛን አታውቀንም። መጀመሪያ እናቴ ክንዷን ዘረጋች። ሲስተር ጣቷን ወግታ መረመረችና «እናቴ፣ ደም ማነስ አለብዎት፤ እንኳን ሊሰጡ ሊሰጥዎ ይገባል» አለቻት። አግዳሚው ላይ ያለችው ሴት ጉሮሮዋን ጠረገች። እናቴ ወደ እኔ ዞረች። ጫማዬን አውልቄ ተጋደምሁ።

«የደም አለማቆም ችግር አለብሽ?» አለችኝ ሲስተር።

አፌን ሳልከፍት እናቴ «የለባትም!» አለች፣ አግዳሚው ድረስ እንዲሰማ ጮክ ብላ። «ልጄ ጤነኛ ናት።» እኔም የለብኝም ብዬ አምን ነበር። የወር አበባዬ ሲመጣ አልጋ ላይ እንደሚያውለኝ ዐውቃለሁ፤ ግን ሴት ሁሉ እንዲያ ይመስለኝ ነበር። ማንን ጠይቄ ልወቅ?

ከረጢቱ እስኪሞላ ሴትዮዋ ዐይኗን ከቱቦው አላነሣችም። ሞላ። መርፌው ወጣ። ሲስተር ጥጥ አድርጋ ክንዴን አጠፈችውና «ትንሽ ያዥው» ብላኝ ከረጢቱን ይዛ ወደ ውስጥ ገባች። እናቴ ራሷን ቀና አድርጋ ሴትዮዋን «ይኸው፣ ተመለሰልሽ» አለቻት። የዚያን ጊዜ ክንዴ ላይ ሞቅ የሚል ነገር ተሰማኝ። ጥጡ ቀልቷል። ሲስተር ተመልሳ ቀየረችው፣ ጫን አደረገችው። የቀየረችውም ቀላ። ሌላ አመጣች። ከክርኔ አልፎ ወደ አንሶላው መንጠባጠብ ጀመረ፤ ከቆዳዬ በታች ደግሞ ክንዴ እንደ ሊጥ እየተነፋ ሄደ።

በዚህ መሐል ያቺ ቆፍጣናዋ ሲስተር በበሩ ብቅ አለች። አየችኝ፤ እናቴን አየች። «ይቺን ማን አስተኛት?» ብላ ጮኸች። «የዚያ ልጅ እህት እኮ ናት! የወንድሟ በሽታ አለባት ማለት ነው፣ አይታያችሁም?»

ሁሉም አየ። እናቴ ጥጡን አየች፤ ማግኔቱን ወለሉ ላይ ስትጎትት እንደምታየው ዐይኗን ሰክታ። የሚለቀም ነገር ግን አልነበረም። እኔ ስለ ደሜ አላሰብሁም፤ ስለ «ላይኖርም ይችላል» ነበር የማስበው። ለካ እጮኛዬ ይመለሳል ብዬ ስጠብቀው ኖሬያለሁ።

ሴትዮዋ ከአግዳሚው ተነሣች። ልትስቅ ነው ብዬ ዐይኔን ጨፈንሁ። አልሳቀችም። መጥታ ጥጡን በገዛ አውራ ጣቷ ጫነችልኝ፣ ደሜ የነጠላዋን ጥለት እስኪነካው አልለቀቀችኝም። «ኣጆኺ ጓለይ» አለችኝ፤ አይዞሽ ልጄ ማለቷ ነው። ዕንባ በዐይኗ ሞልቷል። ያን ሁሉ ቀን ስትጠላኝ ችዬው ነበር። ስታዝንልኝ ግን አልቻልሁም፤ እጇን ነክሼ ባላቅቅ ደስ ይለኝ ነበር። ሐዘኗ ከልብ መሆኑን የማውቀው፣ ገበያው ውስጥ ለሚገባው ለሚወጣው ሁሉ እያለቀሰች ስለነገረች ነው። «ምስኪን፣ እንዴት ያለች ቆንጆ ልጅ ነበረች» እያለች። ከዚያ ወዲህ ሽማግሌ ደጃችንን ረግጦ አያውቅም።

ደሜ ከቆመ በኋላ፣ ደም በሰጠሁ በማግሥቱ፣ ወንድሜ ወደተኛበት ክፍል ወጣሁ። የአፉ ቁስል ደርቆ ደሙ ቆሞለታል። ማንም ምንም አልነገረውም። ክንዴ ከላይ እስከ አንጓዬ ጠቁሮ አብጧል፤ በነጠላዬ ልሸፍነው ስል አየው። ነጠላውን ገለጠና ተመለከተው። ከዚያ ያበጠ ጉልበቱን ተመለከተ፣ መልሶ ክንዴን። ሕመሙ እያንገበገበው እግሩን በሁለት እጁ አንሥቶ ወደ ግድግዳው ጠጋ አደረገና አልጋው ላይ ቦታ ለቀቀልኝ።

«እንኳን ደህና መጣሽ» አለኝ።