ለአራስ ያልተነገረ መርዶ

ታላቅ ወንድሜ መምህር ነበር። ትክል ድንጋይ በምትባል የገጠር ከተማ ሒሳብ ያስተምራል። ሚስቱና የሰባት ዓመት ልጁ ግን ጎንደር፣ ቁስቋም ነበሩ። እኔም ባጃጅ እየነዳሁ ከእነሱ ጋር እኖራለሁ። ስለ እሱ ስጽፍ ደጉን ብቻ ልጽፍ አስቤ ነበር። እጄ እንቢ አለኝ።

ደጉን ላስቀድም። ዓርብ ከሰዓት በኋላ በሚኒባስ ይመጣል። ኮቱን ሳያወልቅ ልጁን ጭኑ ላይ አስቀምጦ ጥፍሯን ይቆርጥላታል። ቅዳሜ ጠዋት ግቢው ውስጥ ጎንበስ ብሎ ልብሱን ያጥባል። ጎረቤቶች «መምህር፣ ሚስት ያገባኸው ለምንድን ነው?» እያሉ ይስቁበታል። «ቆሻሻው የራሴ ነው፤ ጠመኔ ነው» ይላቸዋል።

እኔንም አሥረኛ ክፍል አስተምሮኛል። ቤት ውስጥ አያ እያልኩት ነው ያደግሁት። አንድ ቀን ተሳስቼ ክፍል ውስጥ አያ ብዬ ጠራሁት። ተማሪው ሁሉ ሳቀ። እሱ ግን አልሳቀም። «እዚህ ወንድም የለኝም፤ ተቀመጥ» አለኝ። በዚያው ሴሚስተር በሒሳብ ጣለኝ። ቤት ስንገባ ደግሞ የጣለኝን ምዕራፍ ከሥር ጀምሮ እየደጋገመ ያስረዳኛል። ያን ጊዜ እጠላው ነበር። እውነቱን ለመጻፍ ያህል ነው።

የሞተው በሆድ ሕመም ነው። ረቡዕ አመመው። ሐሙስ ወደ ጎንደር የሚመጣ መኪና ነበር። ለፈተና የሚያዘጋጃቸው የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ተማሪዎች አንድ ምዕራፍ ቀርቷቸው ስለነበር ዓርብ እሄዳለሁ አለ። ዓርብ በጸጥታ ችግር መንገዱ ተዘጋ። የስልክ መስመርም ጠፋ። ቅዳሜ ተማሪዎቹ በቃሬዛ ተሸክመው በእግር ወደ ጎንደር ተነሡ። ግማሽ መንገድ ሳይደርሱ አረፈ። መልሰው ወስደው እዚያው ትክል ድንጋይ በወላጆቻችን ደብር ቀበሩት።

ወሬው በሰው ደረሰኝ። ለሚስቱ «መንገድ ተዘግቷልና ሄጄ ልየው» ብዬ በእግሬ ወጣሁ። ስደርስ ሦስተኛው ቀን ነበር። አልቅሼ፣ ጸጉሬን ተላጭቼ ከለቀስተኛው መሀል ተቀመጥኩ። ሚስቱ ያን ጊዜ ዘጠነኛ ወሯን ይዛለች። አጎቴ ወደ ጥግ ወሰደኝ።

«ለነፍሰ ጡር መርዶ አይነገርም። ብትወልድም ልጁ ክርስትና ሳይነሣ አይነገራትም። ደም ይመታታል፣ ትሞትብናለች። አብረሃት ያለኸው አንተ ነህ። አደራ።»

«እሺ» አልኩት። ምን እንደምል ሳላስብ።

ስመለስ በር ላይ ቆማ ጠበቀችኝ።

«አየኸው?»

«አየሁት።»

«ደህና ነው?»

«ደህና ነው።»

«ምነው ራስህን ተላጨህ?»

«ፎረፎር አስቸግሮኝ ነው፣ እታለም።»

ሳቀች። «መላጣህም ሸጋ ነው። ሚስት ስትፈልግ ግን ኮፍያ አድርግ» አለችኝ። እኔም ሳቅሁ። መሳቄን እስከ ዛሬ አልረሳውም።

ሰፈሩ ሁሉ ያውቃል። ሴቶቹ ገብተው ያጫውቷታል፤ ወጥተው ከአጥሩ ጀርባ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ ይዘው ያለቅሳሉ። ከሦስት ሳምንት በኋላ ወንድ ልጅ ወለደች። እናታችን ልትጠይቃት አልመጣችም። ጸጉሯን ተላጭታ፣ ፊቷን ነጭታ፣ እንዴት ትምጣ? አራሷ ግን ተቀየመች።

«አማቴም ናቀችኝ። ልጇ ያስተማራት ነው» አለች።

ከዚያ ስድቡ ተጀመረ። በየቀኑ። ልጁን እያጠባች፣ ገንፎዋን እየበላች። ሌሎች መምህራን በእግራቸው ወደየቤታቸው መምጣታቸውን ሰምታለች።

«የሰው ባል በእግሩ ይመጣል። የኔው ጥቁር ሰሌዳውን ታቅፎ ይተኛል።»

«ተማሪዎቹ ፈተና አለባቸው» እላለሁ።

«እኔስ ፈተና የለብኝም? ልጁ ወንድ ይሁን ሴት ይጠይቃል? ንገረኝ እስቲ፣ ምን አለህ?»

ብዙ ነገር ፈጠርኩ። አንድ ነጋዴ መልእክት አመጣ አልኳት። ደስ ብሎታል አልኳት። አርባው ሲቃረብ ግን «አባቱ ሳይመጣ ልጄ ክርስትና አይነሣም» ብላ አመፀች። ቀኑ ቢያልፍ መርዶውም አብሮ ይገፋል። ሌላ ሳምንት መዋሸት አልቻልኩም። ስለዚህ ከሁሉ የከፋውን ውሸት ዋሸሁ።

«መልእክት ልኮልሻል። እኔን አትጠብቁኝ፣ ተማሪዎቼን ጥዬ አልመጣም ብሏል።»

ፊቷ ደም መሰለ። ሕፃኑን ከጡቷ አላቀቀችው።

«እንዲህ አለ?»

«አዎ።»

«ይሙትላቸው እንግዲህ። ለሰው ልጆች ይሙትላቸው። በለው፤ እንዲህ አለችህ በለው።»

እነግረዋለሁ ብዬ ወጣሁ።

ልጁ በአርባው ቀን ክርስትና ተነሣ። በማግስቱ ሲነጋጋ የነፍስ አባቷ፣ አጎቴና የሰፈሩ ሽማግሌዎች በሩ ላይ ቆሙ። እንዲህ ሆነው ሲመጡ ነገሩን ማንም ያውቀዋል። ከአልጋዋ ተነሥታ አየቻቸው። ትጮኻለች ብለው ሴቶቹ ሊይዟት ተዘጋጅተው ነበር። አልጮኸችም።

«መቼ?» አለች።

አጎቴ ቀኑንም፣ ለአንድ ምዕራፍ ብሎ መኪናው እንዳመለጠውም ነገራት። ጣቶቿን እያጠፈች ቆጠረች። አንዴ ቆጥራ እንደገና ቆጠረች። ከዚያ ወደ እኔ ዞረች።

«ሙት ነው ያሰደብከኝ።»

«እታለም፣ አንቺን ብለን...»

«አትጠብቁኝ ያለው አንተ ነህ። እሱ አላለም። ይሙትላቸው ስል ቆመህ ሰማኸኝ።»

አጎቴ ተቆጣ። «አንቺም ልጅሽም በሕይወት አላችሁ። ይህ የታዘዘው ወንድሙ ምን አጠፋ?» አላት። ማልቀስ የጀመረችው ከዚያ በኋላ ነው።

መንገዱ ሲከፈት ወንድሜን የተሸከሙት ተማሪዎች ለለቅሶ መጡ። መሬት መሬት እያዩ ተደርድረው ተቀመጡ። እሷም ፊት ለፊታቸው ተቀመጠች።

«ምዕራፉን ጨረሰላችሁ?» አለቻቸው።

«ጨርሶልናል» አለች አንዷ ልጅ።

ሌላ አልጠየቀቻቸውም።

ዛሬም እዚያው ቤት ነኝ። ጠዋት ልጅቷን በባጃጅ ትምህርት ቤት አደርሳለሁ። አጎቴ እንደገና ቢያዘኝ ያንኑ አደርጋለሁ ብዬ ልጽፍ ነበር፤ ጽፌ ሰረዝኩት። አላውቅም። አርባ ቀን ሙሉ ሚስቱ ስትሰድበው የሰማሁት እኔ ነኝ። እሱ አልሰማም። ይህ ያጽናናኝ ይሆን ብዬ ነበር፣ አላጽናናኝም።

እሷ ከዚያ ቀን ጀምሮ አታናግረኝም። ምሳ ሲደርስ ልጅቷ ትመጣለች።

«እማዬ ምሳህን ብላ ብላለች።»

እናቷ ሁለት እርምጃ ርቃ ቆማለች፣ ሕፃኑን አዝላ።

«እሺ በያት» እላለሁ።